ከሁለቱ ቡችሎች የትኛው ለቤታችን ይሻላል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የቤት እንስሳት

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ከተማ ነው። ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ሴት ልጄ፣ 3 ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጄና አማቴ ሆነን ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ልጄ ውሻ እንዲገዛላት ከለመነችን ቆይታለች፤ አሁን ተስማምተን ስንፈልግ ሁለት ቡችሎች አግኝተናል። አንደኛዋ እናቷ ሺ ትዙ፣ አባቷ ፑድል ሲሆን ሁለት ወር ከሳምንት ሆኗታል፤ ፀጉሯ ረጅምና ጥቅልል ያለ ነው። ሁለተኛው የቺዋዋና የዳክስሁንድ ድቅል ነው፤ አጭር ፀጉር፣ ረጅም ጀርባና ትልልቅ ጆሮዎች አሉት፤ ገና ስድስት ሳምንቱ ነው፣ ዋጋውም ከመጀመሪያዋ ይቀንሳል። ሁለቱም ሻጮች «አያድጉም፣ ለልጅ ይሆናሉ» ይሉናል። የመጀመሪያዋ ሻጭ ደግሞ የቡችላዋ ፀጉር ስለማይረግፍ አስም ላለበት ሰው ምንም ችግር እንደሌለው ነግራናለች፤ ባለቤቴ አቧራ ሲነሳ ደረቱን ያፍነዋል። አማቴም ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱን አይወዱትም። የትኛውን ብንወስድ ይሻለናል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የቤተሰብዎን ሁኔታ እንዲህ ዘርዝረው ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ መልሱ የሚገኘውም ከውሾቹ ይልቅ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካለብኝ የሺ ትዙና የፑድል ድቅል የሆነችውን እመርጥልዎታለሁ። ይህን የምለው ሁለተኛው መጥፎ ውሻ ሆኖ ሳይሆን፣ በቤትዎ 3 ዓመት ያልሞላው ልጅ ስላለ ነው። ታናሹ ልጅዎ 7 ወይም 8 ዓመት ቢሆነው ኖሮ ምናልባት ሌላ እመክርዎ ነበር። ምርጫው ደግሞ ቀጥዬ በምጠቅሳቸው ሁኔታዎች ላይ የቆመ ነው፤ እነርሱ ካልተሟሉ ሁለቱንም ትተው ቢጠብቁ ይሻላል።

አስቀድሞ «አያድጉም» የሚለውን እንመልከት። ከሁለት ዝርያ የተወለደ ቡችላ የወላጆቹን መልክና ጠባይ እኩል ለእኩል አይካፈልም፤ ከአንድ እናት በአንድ ቀን ከተወለዱት መካከል አንዱ ወደ እናቱ፣ ሌላው ወደ አባቱ ሊያደላ ይችላል። ሺ ትዙ ሲያድግ በአብዛኛው ከ4 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል። ፑድል ግን በመጠኑ የተለያየ ነው፤ ትንሹ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሲሆን ትልቁ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ «አባቷ ፑድል ነው» መባሉ ብቻውን ስለ ቁመቷ ብዙ አይነግርዎትም። በሁለተኛውም በኩል ቺዋዋው 3 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ቢሆን፣ ዳክስሁንዱ ከትንሹ ዓይነት ከሆነ እስከ 5 ኪሎ፣ ከትልቁ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በእጥፍ ሊመዝን ይችላል። በመሆኑም የሻጩን ቃል ከመቀበል ይልቅ ወላጆቹን፣ ቢያንስ እናቲቱን፣ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ታናሹ ልጅዎ ልመለስ፤ የምርጫዬ ዋና ምክንያት እርሱ ነውና። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ውሻን የሚወደው በመጭመቅ፣ ጭራ በመጎተት፣ አንገት አንቆ በማንሳትና እጁ ሲደክም በመልቀቅ ነው። ይህ የዕድሜው ነው፤ ቢቆጡትም በአንድ ቀን አይታረምም። የቺዋዋ አጥንት ቀጭን ነው፤ በብዙ የቺዋዋ ቡችሎች አናት ላይም እንደ ሕፃን እርግብግቢት ያልተዘጋ ለስላሳ ቦታ አለ። ዳክስሁንድ ደግሞ ጀርባው ረጅም፣ እግሩ አጭር በመሆኑ በሰው ላይ «ዲስክ ተንሸራተተ» ከምንለው ጋር ለሚመሳሰል የአከርካሪ ሕመም ከብዙ ዝርያዎች ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ሕመሙ ሲጠና የኋላ እግሮቹን እስከ ማሽመድመድ ይደርሳል። ሁለተኛው ቡችላ ረጅሙን ጀርባ ከወረሰ፣ እርስዎም እንደነገሩን ወርሷል፣ ከሶፋ ላይ መዝለልም ሆነ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በቀን ብዙ ጊዜ መውጣትና መውረድ አይበጀውም። በየጊዜው ተሸክሞ የሚያወጣው ሰው ያስፈልጋል፤ ያንን ሥራ ደግሞ ትንሹ ልጅ እሠራለሁ ማለቱ አይቀርም።

ጠባዩም ከዚህ የተለየ መንገድ አይመራንም። ዳክስሁንድ በጀርመን አገር በጉድጓድ የሚኖሩ አውሬዎችን እስከ ጎሬያቸው ተከትሎ ገብቶ እንዲጮህባቸውና እንዲያወጣቸው ታስቦ የተራባ አዳኝ ነው፤ ድፍረቱ፣ ግትርነቱና ከአካሉ መጠን በላይ የሆነው ጩኸቱ ከዚያ የመጣ ነው። ቺዋዋም ለአንድ ሰው አብዝቶ የሚታመንና እንግዳ የሚጠራጠር ነው፤ ሲያስጨንቁት ቶሎ ጥርሱን ያሳያል። የሁለቱ ልጅ የግድ ተናካሽ ይሆናል ማለት አይደለም፤ በቡችላነቱ ብዙ ሰው ያየና በገርነት የተያዘ ከሆነ ደስ የሚል፣ ንቁና ታማኝ ጓደኛ ይወጣዋል። አጭር ፀጉሩም ለአዳማ ሙቀት ይመቻል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። ልጆቻቸው ከፍ ላሉና ለብቻው የታጠረ ግቢ ላላቸው ሰዎች ያለ ማመንታት የምመክረው ውሻ ነው። በእርስዎ ቤት ግን ከግድግዳው ማዶ ጎረቤት አለ፤ በደረጃው ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር የሚጮህ ውሻ ከጎረቤት ጋር ያጣላል።

የመጀመሪያዋ ቡችላ ወላጆች የተለየ ታሪክ አላቸው። ሺ ትዙ በቻይና ቤተ መንግሥት ከሰው ጋር እንዲውል ብቻ ሲራባ የኖረ ዝርያ ነው፤ በአብዛኛው የረጋ፣ ከልጅም ከሽማግሌም ጋር የሚስማማ፣ ሲነኩት የማይደነግጥ ነው። ፑድል ከውሃ ውስጥ የታደነ ወፍ እያወጣ ለጌታው ያቀርብ የነበረ፣ ቶሎ በመማር የታወቀ ውሻ ነው። የሁለቱን ጥሩ ጎን የያዘች ቡችላ ለቤተሰብ የምትመች ናት። ነገር ግን አዳማ ላይ ብዙ ሰዎች ሳያስቡት የሚያልፉት ችግር አላት፤ እርሱም አፍንጫዋ ነው።

ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ፣ ማለትም አየር በአፍንጫው፣ በአፉና በጉሮሮው በፍጥነት እያመላለሰ እርጥበቱን በማትነን ነው። የሺ ትዙ ፊት ጠፍጣፋ በመሆኑ የአየር መተላለፊያው አጭርና ጠባብ ነው፤ ስለዚህ በሙቀት ጊዜ ሌላው ውሻ በቀላሉ የሚወጣውን ሥራ እርሱ በጭንቅ ይወጣዋል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች ከተማ፣ በተለይ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሞቃት ወራት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቡችላዋ የፑድሉን ረዘም ያለ አፍንጫ ከወረሰች ችግሩ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የእናቷን ጠፍጣፋ ፊት ከወረሰች ግን ምክሬን አነሣለሁ። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ቡችላዋን በብርሃን ይዘው ፊት ለፊት ይዩአት፤ የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ክብ ሆነው የተከፈቱ መሆን አለባቸው፤ እንደ ምላጭ ጭረት ቀጥነው ከተጣበቁና ስትተነፍስ ወደ ውስጥ ከተሳቡ ጥሩ ምልክት አይደለም። ከዚያ ከወንድሞቿ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ስትጫወት ያዳምጧት፤ ነቅታ እያለች የምታንኮራፋ፣ አየር ለመሳብ አንገቷን የምትዘረጋ ወይም ምላሷ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ከሆነ አይውሰዷት።

ዓይኗም እንዲሁ ይታይ። የሺ ትዙ ዓይን ትልቅና ወደ ውጭ ወጣ ያለ ስለሆነ በአዳማ የበጋ ነፋስ የሚነሳው አቧራ በቀላሉ ይጎዳዋል። የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ከተማዋ አጠገብ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለምና፣ ነፋሻ በሆነ ቀን ወደ ውጭ ባይወስዷት፣ ስትመለስም ዓይኗን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ቢጠርጉላት ጥሩ ነው። ዓይኗን ደጋግማ የምታሻሽ ወይም የምትጨፍን ከሆነ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም፤ የቆሰለ ዓይን በአንድ ሁለት ቀን ሊበላሽ ስለሚችል ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ለእግር ጉዞ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ከሰዓት ደግሞ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጣል። አስፋልቱን በእጅዎ ጀርባ ነክተው ጥቂት ሰከንድ መታገሥ ካቃተዎት ለመዳፏም አይሆንም።

ፀጉሯ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰላቸው እዚህ ላይ ነው። አይረግፍም የተባለው በከፊል እውነት ነው፤ የሚነቀለው ፀጉር መሬት ላይ ከመውደቅ ይልቅ ጥቅልሉ ውስጥ ይቀራል። የቀረው ፀጉር ከአዲሱ ጋር ተጠላልፎ ይቋጠራል፤ ቋጠሮው ቆዳዋን እየጎተተ ያሳምማታል፣ ከሥሩም ቁስልና መዥገር ይደበቃል። በየቀኑ ባይቻል በየሁለት ቀኑ መበጠር አለባት። አበጣጠሩም ከላይ ከላይ መሆን የለበትም። ፀጉሯን በአንድ እጅ ከፍ አድርገው ከሥር ጀምሮ በረድፍ በረድፍ፣ ማበጠሪያው ቆዳዋን በቀስታ እስኪነካ ድረስ ያውርዱት። ቋጠሮ የሚጀምረው ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከብብቷ፣ ከአንገት ማሰሪያዋ ሥርና ከጣቶቿ መካከል ስለሆነ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ቆም ይበሉ። በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ ፀጉሯ መቆረጥ ይኖርበታል፤ ለአዳማ አየር አጠር ብሎ መቆረጡ ይመረጣል፤ እስከ ቆዳዋ መላጨት ግን ለፀሐይ ያጋልጣታል። የሚቆርጥ ባለሙያ በቅርብ ከሌለ በቤት ውስጥ በመቁረጫ ማሽን መልመድ ይቻላል፤ ቡችላዋ የማሽኑን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምራ እንድትለምደው ብቻ ያድርጉ።

ስለ ባለቤትዎ የተነገረዎት ቃል ግን ትክክል አይደለም። ለውሻ አለርጂ መነሻ የሚሆኑት ነገሮች ያሉት በፀጉሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በምራቁ፣ በሽንቱና ከቆዳው በሚረግፈው ቅርፊት ውስጥ ነው፤ በመሆኑም ምንም ዓይነት ዝርያ ከዚህ ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ፀጉር የማይረግፍ መሆኑ ቤቱን በጽዳት ይረዳ ይሆናል፤ የአስም ዋስትና ግን አይሆንም። ከመግዛታችሁ በፊት ባለቤትዎ ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ከዚያም ቡችሎቹ ባሉበት ቤት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሰዓት ያህል በተለያዩ ቀናት ይቀመጡ። ደረታቸው ከተዘጋ ወይም ዓይናቸው ካሳከካቸው ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ልጆች ከለመዷት በኋላ ውሻ መመለስ ለሁሉም ከባድ ሐዘን ነውና ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

አማትዎን በተመለከተ፣ ቅሬታቸው በብዙ ቤት ያለ፣ ከእምነትና ከአስተዳደግ የመጣ ስለሆነ በክርክር የሚሸነፍ አይደለም፤ መሸነፍም የለበትም። ውሻዋ የማትገባባቸውን ቦታዎች፣ ይልቁንም የሚጸልዩበትንና ጸበል የሚቀመጥበትን ክፍል እንዲሁም ማድ ቤቱን፣ እርሳቸው ራሳቸው እንዲወስኑ ይጠይቋቸው፤ ከዚያም በበሩ ላይ ዝቅ ያለ መከለያ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አክብሩት። ከውጭ በረንዳ ላይ እንድታድር የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ይህን አልቀበልም፤ ይህን የሚያህል ውሻ የግቢ ጠባቂ አይሆንም፣ ሌሊት ለብርድ፣ ለሰፈር ውሾችና ከፎቅ ለመውደቅ ይጋለጣል።

የሁለቱም ቡችሎች የጤና ጉዳይ አንድ ዓይነት ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው፤ ከእብድ ውሻ በሽታ በስተቀር። ይህ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ዙሪያ ከሚነከሱት መካከልም በርካታ ልጆች ይገኛሉ። ቡችላው 3 ወር ሲሆነው መከተብ፣ ከዚያ በየዓመቱ መደገም አለበት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ጊዜ ክሊኒኩ እንዴት እንደሚያቆየው መጠየቅ ነውር አይደለም። ልጅዎን የማንም ውሻ፣ የራሳችሁም ቢሆን፣ ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ካጠቡ በኋላ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ውሻውን ከመግደል ይልቅ ታስሮ ለ10 ቀን እንዲታይ ያድርጉ። ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉት፣ ቡችሎችን የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ክትባት ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ተጀምሮ፣ እስከ 16ኛው ሳምንት በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይደገማል፤ እስኪያልቅ ድረስ የሰፈር ውሾች በሚመላለሱበት የጋራ ግቢ መሬት ላይ አያስቀምጧት፣ ነገር ግን በእቅፍ ይዘው ሰው፣ ባጃጅና ጫጫታ ያሳዩአት።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። በእኛ ቤት የተረፈ ወጥ ለውሻ መስጠት የተለመደ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ 4 ኪሎ ለምትመዝን ውሻ ደግሞ ጥቂቱም ብዙ ነው። ቸኮሌት፣ ዘቢብና የበሰለ የዶሮ አጥንትም አይሰጥ። በበዓል በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ መጣል በተለይ አደገኛ ነው፤ በቋጠሮው ውስጥ ያለው ጥገኛ በውሻው አንጀት ትል ሆኖ ያድጋል፣ እንቁላሉም ከውሻው ዓይነ ምድርና ፀጉር በእጅ ወደ ልጅ አፍ ከደረሰ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ቋጠሮ ያበቅላል። ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ የትል መድኃኒት መስጠትና ልጆች ውሻዋን ከነኩ በኋላ እጃቸውን መታጠባቸው የማይታለፍ ነው።

ሴት ልጅዎ ውሻዋን «የኔ» ብላ እንደምትጠራት አልጠራጠርም፤ ማበጠርና ውሃ መቀየርም ትችላለች። ሆኖም እንዲህ ያሉ ትንንሽ ውሾች ከ12 እስከ 15 ዓመት ስለሚኖሩ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ውሻዋ ቤት ትቀራለች። ኃላፊነቱ የእርስዎና የባለቤትዎ መሆኑን ተቀብላችሁ ግቡበት። ለታናሹ ልጅ ሕጉ አጭር ነው፦ ውሻዋን አያነሳም፤ መሬት ላይ ተቀምጦ እርሷ ወደ እርሱ ስትመጣ ጀርባዋን በተዘረጋ እጅ ይዳስሳል፤ ስትበላና ስትተኛ አይጠጋትም። ትልቋ ልጅ ስታነሳት አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከኋላ እግሮቿ ሥር ይሁን። ትልቅ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ትንሹ ልጅና ውሻዋ ለአንዲት ደቂቃም ብቻቸውን አይቀመጡ፤ ይህ የትኛውንም ቡችላ ቢመርጡ አይለወጥም።

የዋጋውን ልዩነት ከግምት ባያስገቡት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ዓመት ክትባት፣ መድኃኒትና ምግብ ልዩነቱን ይውጠዋል። ይልቅስ ስድስት ሳምንት የሆነውን ቡችላ አሁን ሊሸጥልዎ የፈለገ ሰው እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት፤ ቡችላ ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱና ከወንድሞቹ መለየት የለበትም፤ የአነካከሱን ኃይል መቆጣጠር የሚማረው ከእነርሱ ጋር ሲጫወት ነው። የመጀመሪያዋን ለማየት ሲሄዱ ደግሞ እናቲቱ ባለችበት ይሁን፤ እንግዳ ሲገባ የምትሸሽ ወይም የምታጉረመርም እናት ልጆቿም ወደዚያው ሊያደሉ ይችላሉ። የክትባት ደብተሯ ላይ የሐኪሙ ፊርማና ቀን መኖሩን ያረጋግጡ። ከገዙ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ልቧን፣ የጉልበቷን ሎሚና አተነፋፈሷን በእንስሳት ሐኪም ያስመርምሩ፤ በከተማው ክሊኒክ ያልተመለሰ ጥያቄ ካለ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሩቅ አይደለም። ሻጯ እናቲቱን ለማሳየት ምክንያት ከደረደረች፣ ወይም ቡችላዋን መንገድ ዳር በካርቶን ይዛ ላምጣልዎ ካለች፣ ልጅዎ ብታለቅስም ሳይገዙ ይመለሱ።